ወረቀቱን ማን ጠየቀው

ሲስተር ሐጂራ በጨፌ ቡልቱ የመንግሥት ቡና እርሻ ክሊኒክ ሥራ የጀመረች ዕለት የነርስነት ዲፕሎማዋንና የሙያ ምዝገባ ወረቀቷን በፖስታ ይዛ ነበር የቀረበችው። የሠራተኛ አስተዳደሩ ጸሐፊ ፖስታውን ሳይከፍት መለሰላት። «እኛ እናምንሻለን» አላት እየሳቀ። ያን ጊዜ ደስ ብሏት ነበር። የጅማው ሄርማታ ሰፈር ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ሰው ሲያምናት ደስ ይላታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ያ ሳቅ ትዝ ባላት ቁጥር ጥርሷን ታፋጭ ነበር።

እርሻው ከአጋሮ አለፍ ብሎ፣ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የተዘረጋ ሰፊ ቦታ ነው። ክሊኒኩ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ሲሆን የጤና ሠራተኞቹም ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ኃላፊዋ ሐጂራና ጤና ረዳቷ ሙሉእመቤት። በሌላው ወር ሥራው ለሁለቱም አይከብድም። በ1974 ዓ.ም. ጥቅምት ግን ቡናው ቅርንጫፉን እስኪያጎብጥ ቀላ፤ ከየአቅጣጫው በጭነት መኪና የመጣው ለቃሚ ካምፑን ሞላው፤ ከለቃሚው ጋር ወባው መጣ። የበሽተኛው ሰልፍ ከክሊኒኩ በር ተነስቶ ቡና ማጠቢያው ድረስ ይደርሳል። ሐጂራ ምሳዋን ቆማ መብላት ጀመረች። በመጨረሻም ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄዳ አንድ የጤና ሠራተኛ እንዲጨመርላት ጠየቀች። ኋላ ይህን ማንም አላነሳባትም፤ እሷ ግን አልረሳችውም። ሰው ስጡኝ ያለችው ራሷ ናት።

ሥራ አስኪያጁ ጓድ ለይኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ ሁልጊዜ የተተኮሰ ካኪ የሚለብስ ሰው ነበር። ቢሮው ግድግዳ ላይ በየቀኑ የተለቀመው እሸት ቡና የሚጻፍበት ሰሌዳ አለ፤ ከሰው ጋር ሲያወራ እንኳ ዓይኑ ከዚያ ሰሌዳ አይርቅም። የሐጂራን ጥያቄ በትዕግሥት ሰማ። በሦስተኛው ቀን ከፈለ የሚባል ቀጭን ሰው ይዞ ክሊኒክ ድረስ መጣ።

ከፈለ የነተበ የወታደር ጃኬት ለብሷል፤ ዕድሜው ከሠላሳ አይበልጥም። ለይኩን ትከሻውን መታ መታ እያደረገ፣ በምሥራቅ ግንባር ከሕክምና ክፍል ጋር የዘመተ፣ ቁስለኛ ሲያክም የኖረ ጓድ መሆኑን ነገራት። ሐጂራ የምስክር ወረቀቱን ጠየቀች። ከፈለ አንገቱን ደፋ። መልሱን የሰጠው ለይኩን ነው፤ ወረቀቱ ግንባር ላይ ተቃጥሏል አለ።

ይህ ሊሆን እንደሚችል አልካደችም። ነገር ግን ወረቀት ቢቃጠል መዝገብ አለ፤ ወዳገለገለበት ክፍልና ጅማ ወዳለው ጤና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይጻፍ አለች። መልሱ እስኪመጣ ስም ይመዝግብ፣ ክብደት ይለካ፣ በሽተኛ ይደግፍ፤ መርፌ ግን አይነካም።

«መልሱ እስኪመጣ ቡናው መሬት ይረግፋል» አላት ለይኩን። «ሰው ስጡኝ አልሽ፤ ሰው ሰጠሁሽ።»

«እኔ የጠየቅሁት የጤና ሠራተኛ ነው።»

ፈገግ ብሎ ወጣ። ደብዳቤም አልጻፈም። የጻፈችው ሐጂራ ናት፤ ካርቦን አስገብታ በሁለት ቅጂ። አዲሱ ሠራተኛ ሙያው ሳይጣራ ሕክምና ላይ ቢሰማራ በሰው ሕይወት ላይ አደጋ እንደሚያስከትል፣ የማጣራቱም ኃላፊነት የቀጣሪው መሥሪያ ቤት መሆኑን አስፍራ፣ አንዱን ቅጂ ለመዝገብ ቤት ሰጠች፤ በሁለተኛው ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተም አስመትታ ወደ ቤቷ ይዛው ሄደች። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ሳታነበው ነው የመታችው። የዚያን ሰሞን በዚያ እርሻ ከቡና ሌላ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

ከፈለ መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ሐጂራን ኋላ ከሁሉ ያንገበገባትም ይኸው ነው። በሽተኛውን በትሕትና ያነጋግራል፤ አቅም ያነሳቸውን ተሸክሞ ያስገባል፤ ኦሮምኛውም እንደ አማርኛው ነው። ለቃሚዎቹ «ዶክተር» ማለት ጀመሩ። እሱም አንድ ሁለት ቀን «ኧረ አይደለሁም» አለ፤ ከዚያ ዝም አለ። ሐጂራ የመርፌ ቁም ሳጥኑን ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች።

ለይኩን በዚህ መሐል ሁለት ጊዜ አስጠራት። ያስጨነቀው የሕመም ፈቃዱ ብዛት ነበር። ለወባ በሽተኛ ኪኒን ሰጥታ ሦስት ቀን እንዲያርፍ የምትጽፈው ለምን እንደሆነ፣ መርፌ ብትወጋው በማግስቱ ተነስቶ አይለቅም ወይ ብሎ ጠየቃት። መዋጥ ለሚችል ሰው ኪኒኑ እንደሚበቃው፣ የወባ መርፌ ያለቦታው ከገባ ሰውን አካል ጉዳተኛ እንደሚያደርግ በዝርዝር አስረዳችው። እሱ ሰሌዳውን ያይ ነበር።

ኅዳር መግቢያ ላይ መድኃኒት አለቀ። ሐጂራ ራሷ ጅማ ሄዳ ማምጣት ነበረባት። ሰኞ ጠዋት ከእርሻው ሾፌር ከሱሌይማን ጋር በላንድሮቨር ስትነሳ ቁልፉን ለሙሉእመቤት ሰጥታ፣ ከሷ በቀር ማንም መርፌ እንዳይነካ አደራ አለቻት። ረቡዕ ቀትር ላይ ሲመለሱ ክሊኒኩ በር ላይ ሰው ተሰብስቦ አገኘች።

መሐል ላይ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ፣ ዘይቡ የምትባል የሃያ ዓመት ለቃሚ ተቀምጣለች። ከጅሬን ተራራ ግርጌ ከእናቷ ጋር የመጣች፣ ሳቂታ፣ ከቅርጫቷ ይልቅ ወሬዋ የሚቀድማት ልጅ ነበረች። አሁን አትስቅም። እናቷ ከኋላ በሁለት እጇ ደግፋታለች።

«ሚሊ ኮ ዱኤ» አለቻት ሐጂራን። እግሬ ሞተ ማለቷ ነው።

ሐጂራ ተንበርክካ ቀኝ እግሯን አነሳች። ከቁርጭምጭሚቷ በታች ያለው እንደ ባዶ ካልሲ ተንጠለጠለ። ጣቶችሽን አንቀሳቅሺ አለቻት፤ ልጅቷ ፊቷ እስኪቀላ ታገለች፤ አንድም ጣት አልነቃነቀም። በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ ስታደርጋት አይሰማትም። ከዚያ ሐጂራ ሰውን ሁሉ አስወጥታ መቀመጫዋን አየች። የመርፌው ቀዳዳ መሆን ከነበረበት ከላይኛው የውጭ ጥግ በጣም ዝቅ ብሎ፣ ወደ መሐል ገብቶ፣ ዙሪያው አብጦ ነበር። ማንም ሊነግራት አላስፈለገም። መርፌው ነርቭ ነክቷል።

የሆነውን የነገረቻት ሙሉእመቤት ናት፤ እያለቀሰች። ማክሰኞ ጠዋት ለይኩን መጥቶ ሰልፉን አየ። ታችኛው ካምፕ ተቅማጥ ገብቷልና ወርደሽ እይ፣ ቁልፉን ለከፈለ ስጪው አላት። ሲስተር ከልክላኛለች አለችው። «ሲስተርን የቀጠርኳት እኔ ነኝ» አላት። ለሁለተኛ ጊዜ እንቢ ማለት ፈራች። ቁልፉን ሰጥታ ሄደች። ለይኩን ከፈለን ወባ ያለበትን ሁሉ ወግቶ ነገ ጠዋት ሥራ ላይ እንዲያደርስለት አዘዘው። ከፈለም በዚያ አንድ ቀን ሠላሳ አንድ ሰው ወጋ።

ሐጂራ ከፈለን ጠራችው። የት እንደወጋት በራስህ ገላ ላይ አሳየኝ አለችው። እጁን ጃኬቱ ሥር ልኮ፣ መቀመጫው መሐል ላይ፣ ልክ ነርቩ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ጣቱን አስቀመጠ። አሁንም ትክክል የሠራ መስሎት ነበር። ቁልፉን ከእጁ ነጥቃ ከዚህ ቤት ውጣ አለችው። ከዚያ የቀሩትን ሠላሳ ሰዎች አንድ በአንድ አስፈልጋ እያስነሳች አየቻቸው። እግዜር ጠብቆ ሌላው ሁሉ ቆሞ ይሄድ ነበር፤ ሁለቱ ብቻ እባጭ ይዘዋል።

ዘይቡን ጅማ ሆስፒታል ለማድረስ መኪና ስትጠይቅ፣ ላንድሮቨሩ ነገ ለስብሰባ እንደሚፈለግ ተነገራት። ሐጂራ ግን ልጅቷን አዝላ ኋላ ወንበር ላይ ከእናቷ ጋር አስቀመጠቻት። ሱሌይማን የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ሞተሩን አስነሳ። የጅማው ሐኪም ያየው እሷ ያየችውን ነው፤ ነርቩ ተጎድቷል፤ በዓመት ውስጥ ጥቂት ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል።

ሐሙስ ዕለት ለይኩን ቢሮው አስጠራት። የዘይቡ ካርድ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ከክሊኒኩ ማን እንዳመጣለት አታውቅም። ቁጭ በይ አላት። ሻይ አዘዘላት። ከዚያም በዚያው ለስላሳ ድምፁ፣ ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እግሯ ደካማ እንደነበር ካርዱ ላይ ብትጽፍበት ለሁሉም እንደሚበጅ ነገራት። ሁለተኛ ደግሞ፣ ከፈለ ሲሠራ የነበረው በክሊኒኩ ኃላፊ ክትትል ሥር መሆኑን የሚገልጽ አጭር ወረቀት አዘጋጅቶ ነበር። የቀረው የሷ ፊርማ ብቻ ነው።

ሐጂራ ወረቀቱን አንብባ መለሰችለት።

«የክሊኒኩ ኃላፊ አንቺ ነሽ» አላት። «እዚያ ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሁሉ የምትጠየቂ አንቺ ነሽ።»

«ለራሴ እጅ እጠየቃለሁ፣ ጓድ ሥራ አስኪያጅ። ለሙሉእመቤትም እጠየቃለሁ፤ የተማረችውን አውቃለሁና። ይህን ሰው ግን የቀጠሩት እርስዎ ነዎት። ማን ነህ፣ ምን ተማርክ፣ የት ተመዘገብክ ብሎ መጠየቅ የቀጣሪ ሥራ ነው። ጠይቁ ብዬ ጻፍኩልዎት። አልጠየቁም። እንዳይሠራ የከለከልኩትን ሥራ እኔ በሌለሁበት አሠሩት። አሁን ደግሞ ስሜን ይፈልጋሉ።»

ለይኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከሰሌዳው ላይ አነሳ። አገሪቱ የምርት ዘመቻ ላይ መሆኗን፣ በዚህ ሰዓት ሥራ የሚያደናቅፍ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠራ እንደምታውቅ፣ ወንድሟም ቀደም ሲል በምን ተጠርጥሮ እንደነበር እሱም እንደሚያውቅ ረጋ ብሎ ነገራት።

ወንድሟ ቲጃኒ በ1970 ከሄርማታ ቤታቸው ተወስዶ ሦስት ዓመት ታስሮ ነው የወጣው። እናታቸው በነዚያ ሦስት ዓመታት ስንቅ ስታመላልስ አርጅታለች። ሐጂራ ያንን ፍርሃት በደንብ ታውቀዋለች። ያን ቀን ግን ፍርሃቱ ላይ ሌላ ነገር ተነሳበት። የዘይቡ እግር ከእጇ ላይ አልወርድ አላት፤ ክብደቱ፣ መላላቱ። ይህ ሰው የዚያችን ልጅ እግር ሰብሮ፣ ሻይ አዝዞ፣ በቲጃኒ ያስፈራራታል። ካርዱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች፤ የሕክምና ካርድ ቦታው ክሊኒክ ነው ብላ ይዛው ወጣች። ሻዩን አልነካችውም።

እሑድ ዕለት በቡና ጭነት መኪና ላይ ተሳፍራ ጅማ ገባች። ሰኞ ጠዋት የጤና ጽሕፈት ቤቱ በር ሳይከፈት ደረሰች። ጉዳዩን የተቀበላት ሙሐመድሳኒ የሚባል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል አዛውንት ተቆጣጣሪ ነበር። የደብዳቤዋን ቅጂ ሁለት ጊዜ አነበበው። ማኅተሙን ወደ መስኮቱ አዙሮ አየው። ይህ ማኅተም የእርሻው ነው ወይ ብሎ ጠየቃት፤ ነው አለችው። የዘይቡንም ካርድ አየ። ሐሙስ እመጣለሁ አላት። ሐጂራ አላመነችውም፤ ብዙ ሰው እመጣለሁ ሲል ሰምታለች። እሱ ግን መጣ።

ስብሰባው የተደረገው ቡና መጋዘኑ ውስጥ ነው። ለቃሚው፣ ትራክተር ነጂው፣ የቢሮው ሰው ሁሉ ተጠራ። መድረኩ ላይ ለይኩን፣ ሙሐመድሳኒና የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር አባቦራ ተቀመጡ። አባቦራ ሽማግሌ ናቸው፤ በዚያ እርሻ ከመወረሱ በፊትም ጀምሮ የሠሩ፣ ጥቂት የሚናገሩ ሰው።

ለይኩን ቀድሞ ተናገረ። በደረሰው ጉዳት ማዘኑን ገለጸ። ከፈለ የሚባለው ግለሰብ ሐሰተኛ ታሪክ አቅርቦ መሥሪያ ቤቱን እንዳታለለ፣ የክሊኒኩ ኃላፊም በቅርብ ሳትከታተለው እንደቀረች፣ በሁለቱም ላይ እርምጃ እንደሚወሰድ አስታወቀ። ሁሉንም እንደ ሪፖርት ነው ያነበበው።

ከፈለ ከኋላ ተነሳ። ማንም ተነስ አላለውም።

«አልዋሸሁም» አለ። «የመጣሁ ዕለት ነግሬዎታለሁ፣ ጓድ። ቃሬዛ ተሸካሚ ነበርኩ አልኩዎት። ቁስለኛ ካየህ ይበቃል አሉኝ። ወረቀቱ ተቃጥሏል ያልኩትም እኔ አይደለሁም፤ ወረቀት ኖሮኝ አያውቅም። የሚጠይቀኝ ቢኖር እናገር ነበር።»

ሐጂራ ይህን አታውቅም ነበር። የለይኩን ስንፍና ይሆናል፣ ችኮላ ይሆናል ብላ ነበር ለራሷ የነገረችው። እያወቀ እንደሠራው የሰማችው ገና አሁን ነው። ተነስታ ግን መጀመሪያ የተናገረችው ለከፈለ ነው።

«እኔ ጠይቄህ ነበር፤ አንገትህን ደፋህ። እንደማትችል እያወቅህ መርፌውን አነሳህ። ሠላሳ አንድ ጊዜ አነሳህ። ይህን አልተውልህም።» ከዚያ ወደ መድረኩ ዞረች። «እርስዎ ግን እያወቁ ሰጡት። ይህቺ ልጅ ክሊኒክ የመጣችው በሩ ላይ የእርሻው ስም ስላለ ነው። ውስጥ ያለውን ሰው መርጠን አስቀምጠናል ብላችኋታል ማለት ነው። እሷ ምን ልትጠይቅ ትችላለች? ትኩሳት ላይ ናት፣ ፊደል አልቆጠረችም። የሷን ጥያቄ ሊጠይቁላት የተቀመጡት እርስዎ ነበሩ።»

ሙሐመድሳኒ የደብዳቤዋን ቅጂ ከነቀኑ አነበበ። ለይኩን ያንን ደብዳቤ አላየሁትም አለ። በዚያን ጊዜ አባቦራ ወደ እሱ ዞሩ።

«ጓድ ለይኩን፣ ትራክተር ነጂ ስትቀጥር መንጃ ፈቃዱን ታያለህ?»

«አያለሁ።»

«ተቃጠለብኝ ቢልህስ?»

ለይኩን የያዘውን ወረቀት አገላበጠ።

«ሳታይ ብትሰጠው ምን ይሆናል?»

«ትራክተሩን ይሰብረዋል።»

አባቦራ በኦሮምኛ «ቶሌ»፣ እሺ፣ ብለው ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ መለሱ። ከለቃሚዎቹ መሐል የዘይቡ እናት ስታለቅስ ተሰማ፤ እስከዚያች ሰዓት አላለቀሰችም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሐጂራ እንዳሰበችው አልሆነም። ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ወጣ፤ ማንኛውም እርሻ የጤና ሠራተኛ ሲቀጥር ምዝገባውን አይቶ፣ ከመዝገቡ አረጋግጦ እንዲሆን፣ አለቃም ባለሙያን ከሙያው ውጭ እንዳያዝ የሚል። ከፈለ አጋሮ ስድስት ወር ታሰረ። ለይኩን በስብሰባ ላይ ሂስ ተቀበለ፣ ቡናው ተለቅሞ እስኪያልቅ ሰሌዳው ሥር ተቀመጠ፣ በጥር ወር ወደ ሌላ እርሻ ተዛወረ። ሲዛወርም ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ነው።

ለሐጂራም የዝውውር ወረቀት መጣላት፤ ለደህንነቷ ሲባል ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ወዳለ ጤና ጣቢያ። የዘይቡ ጉዳት በሥራ ላይ የደረሰ ተብሎ ካልተመዘገበ ከዚህ ንቅንቅ አልልም ብላ አሥራ አንድ ቀን ክሊኒኩን ሳትለቅ ቆየች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመዘገበ። ሙሉእመቤት ወረቀቱን እየሮጠች ነው ያመጣችላት።

ዘይቡ ወደ ለቀማ አልተመለሰችም፤ ዳገትና ቁልቁለቱን በዚያ እግር አይወጡትም። ሄርማታ አንድ መጋዘን ውስጥ ተቀምጠው ቡና ከሚያበጥሩ ሴቶች ጋር ሥራ አገኘች። ሐጂራ በየዓርቡ ከሥራ ስትወጣ ትሄድላታለች፤ ሐኪሙ እንዳሳያት እግሯን እያጠፈች እየዘረጋች ታንቀሳቅስላታለች። በስድስተኛው ወር አውራ ጣቷ ትንሽ ነቃነቀ። ከዚያ በላይ አልሄደም።

አንድ ዓርብ ዘይቡ፣ ከፊቷ ካለው ቡና ጥቁር ጥቁሩን እየለቀመች፣ ሳታያት ጠየቀቻት። «ሲስተር፣ ያን ቀን ወረቀት አለህ ወይ ብዬው ቢሆን ኖሮ ጥፋት ይሆንብኝ ነበር?»

«አይሆንብሽም» አለቻት ሐጂራ። «ግን ያንቺ ሥራ አልነበረም። ሁለተኛ እንዲህ ብለሽ እንዳታስቢ።»

ያን ዕለት ወደ ቤቷ ስትሄድ በመስጊዱ በር የሚወጡት የአባቷ ጎረቤቶች ሰላም ሲሏት አልሰማቻቸውም። ቤቷ ገብታ ኩራዟን ሳትለኩስ ገና በቀን ብርሃን ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። ለይኩን የሄደበት እርሻ ክሊኒክ ውስጥ አንዲት ነርስ እንዳለች፣ አሁን ወደዚያ ዕቃ የሚያመላልሰው ሱሌይማን ነግሯታል። ስሟን አታውቅም። ስለዚህ «ለማላውቅሽ እህቴ» ብላ ጀመረች፤ የሆነውን ሁሉ ከነስሙ፣ ከነቀኑ ጻፈችላት። አዲስ ሰው ካመጣልሽ ወረቀቱን ራስሽ እዪ አለቻት፤ የለም ካለሽ ጻፊ፣ ቅጂውን ቤትሽ አስቀምጪ፤ መድኃኒት ለማምጣት ስትወጪ ቁልፉን ለማንም አትስጪ፣ ይዘሽው ሂጂ። ብዕሩ ወረቀቱን እየቀደደ አስቸገራት፤ በጣም ተጭና ነበር የምትጽፈው። ፖስታውን አሽጋ በማግስቱ ጠዋት ለሱሌይማን ሰጠችው፤ እሱም መኪናው ሳይጫን ቀድሞ ኪሱ ከተተው።